ፎቶ ላይ አሪፍ ነው፣ በሽተኛ ላይስ?

እንደምን አመሻችሁ፣ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ብዙ ስላይድ አላዘጋጀሁም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ነው የመጣሁት፣ እና ሰዓቱን በሙሉ እሱ ላይ ብናጠፋው ደስ ይለኛል። አንድ ኤአይ፣ ማለትም ከብዙ ምሳሌ ራሱ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የቆዳ ካንሰርን ከሐኪም እኩል ይለያል ሲባል የት ነው የተፈተነው? ማን ላይ? ከዛስ በኋላ በሽተኛው ምን ሆነ? በቃ እሱ ነው። ሁለቱን የመጀመሪያ ጥያቄዎች የሚመልስ ጥናት አሁን እየበዛ ነው፣ ሶስተኛውን የሚመልስ ግን ገና በጣም ትንሽ ነው ያለው፣ እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ እሱ ነው።

ነገሩን ያቀጣጠለው በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነው (የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። 129,450 ፎቶ ለማሽኑ ሰጥተው አሰለጠኑት፣ ከዛ ከ21 የቆዳ ስፔሻሊስቶች ጋር አወዳደሩት፣ እኩል ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የጀርመኑ የሃይደልበርግ ቡድን ከ17 አገር ከተውጣጡ 58 የቆዳ ሐኪሞች ጋር በዴርሞስኮፕ፣ ቆዳን አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ፣ የተነሱ ፎቶዎች ላይ አወዳድሮ ማሽኑ አብዛኞቹን በለጠ። ከዛማ ዜናው አለቀለት፣ ኤአይ ሐኪሙን አሸነፈ፣ የቆዳ ሐኪም ሥራ ሊያጣ ነው፣ ስልካችሁ ሐኪም ሊሆን ነው ተባለ።

እኔ እነዚህን ጥናቶች አከብራቸዋለሁ፣ በደንብ የተሠሩ ናቸው። ግን የተፈተነው ነገር ምን እንደሆነ እዩልኝ። ሐኪሙን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው አንድ ፎቶ ያሳዩታል፣ መልሱን ይነግራቸዋል፣ ቀጣይ። እንደዚህ እኮ የሚሠራ የቆዳ ሐኪም የለም። ሐኪሙ ክሊኒክ ውስጥ መቼ ጀመረህ ብሎ ይጠይቃል፣ ይደማል ወይ ይላል፣ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ልብስህን አውልቅ ብሎ ጀርባህ ላይ ካሉት ሌሎች ነጥቦች ጋር ያስተያየዋል፣ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየው የትኛው ነው ብሎ ይፈልጋል፣ በቤተሰብ ካንሰር ያለበት ሰው አለ ወይ ይላል። ይሄን ሁሉ ነጥቀነው በአንድ ፎቶ ብቻ ስናወዳድረው የሐኪሙን ችሎታ ግማሹን ቆርጠን ነው ያወዳደርነው። በዛ ላይ ፎቶዎቹ የተመረጡ ናቸው፣ የደበዘዘው ወጥቷል፣ ፀጉር የሸፈነው ወጥቷል፣ የቀረው ደግሞ ባብዛኛው ባዮፕሲ የተደረገለት ነው፣ ማለትም አንድ ሐኪም አይቶት ተጠራጥሮ ናሙና የወሰደበት ነው። ማንም ያልጠረጠረው ነገር እዛ ክምር ውስጥ አይገባም። ክሊኒክ የሚመጣው ሰው ግን ምንም ያልተመረጠ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄን መጀመሪያ ሳነበው ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። የቆዳ ሐኪም አንድ ነጥብ ሲጠረጥር ምን ያደርጋል? አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጦ ፎቶ ያነሳዋል፣ መጠኑን ለማወቅ። የስታንፎርዶቹ ተመራማሪዎች ራሳቸው በኋላ እንደጻፉት፣ ፎቶው ላይ ማስመሪያ ካለ ማሽኑ ካንሰር ነው የማለት ዝንባሌ ነበረው። ሌላ ደግሞ በ2019 ጃማ ደርማቶሎጂ ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገና በፊት ቆዳ ላይ በሐምራዊ ቀለም ምልክት ያደርጋሉ አይደል፣ ያንን ቀለም ጤነኛ ነጥብ ዙሪያ ስታደርጉ በገበያ ላይ የነበረ አንድ ሲስተም ሜላኖማ፣ ማለትም አደገኛው የቆዳ ካንሰር፣ ነው ብሎ በስህተት የሚጠራው ቁጥር በጣም ጨመረ። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ማሽኑ የተማረው በሽታውን ብቻ ሳይሆን የሐኪሙን ጥርጣሬ ጭምር ነው። ጥርጣሬው ፎቶው ውስጥ በቀለም እና በማስመሪያ ተጽፎ ነበር፣ ማሽኑ እሱን አነበበ፣ እኛ ደግሞ አወቀ አልን። ይሄን አይነት ነገር በሌላ የፎቶ ክምር ደግማችሁ ብትፈትኑትም ላታገኙት ትችላላችሁ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ክምርም በሐኪም እጅ የተነሳ ነው። የሚጋለጠው መሣሪያውን ወስዳችሁ ማንም ገና ያልጠረጠረው ሰው ላይ ስትሞክሩት ነው።

ለዚህ ነው ክሊኒካል ትራያል የምንለው። ፕሮስፔክቲቭ ይሉታል፣ በሽተኛው ከመምጣቱ በፊት ፕላኑ ተጽፎ ያለቀ፣ ምን እንደምንለካ አስቀድመን ያስመዘገብንበት፣ ከዛ በሩን ከፍተን የመጣውን ሰው በሙሉ የምናስገባበት ጥናት።

አሁን ትንሽ ቁጥር እንሥራ፣ ታገሱኝ፣ ከባድ አይደለም። ሴንሲቲቪቲ የሚሉት በሽታው ካለባቸው ውስጥ ስንቱን አገኘ ነው፣ ስፔሲፊሲቲ ደግሞ ከሌለባቸው ውስጥ ስንቱን በሰላም ለቀቀ ነው። ለምሳሌ ብለን ከ1,000 ሰው አንድ አንድ የቆዳ ነጥብ እንውሰድ፣ 20ዎቹ ሜላኖማ ይሁኑ። መሣሪያችን 95 በመቶ ሴንሲቲቪቲ እና 80 በመቶ ስፔሲፊሲቲ አለው እንበል፣ ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ በጣም የሚያምር ቁጥር ነው። ከ20ዎቹ 19ኙን ይይዛል፣ አንዱን ያሳልፋል። ከ980ዎቹ ጤነኞች ግን 196ቱን ካንሰር ሊሆን ይችላል ይላቸዋል። ስለዚህ ቀይ መብራት ከበራባቸው 215 ሰዎች ካንሰር ያለባቸው 19 ናቸው፣ ከ100 ወደ 9 ሰው ማለት ነው። የቀሩት ይፈራሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ፣ ቀጠሮ ይጠብቃሉ፣ ሥጋቸው ይቆረጣል፣ ጠባሳ ይቀርባቸዋል። እና ያ አንዱ የተለቀቀው ሰውስ? ማሽኑ ሰላም ነህ ብሎታል፣ ስለዚህ አይመለስም። እኔ ከ196ቱም በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ይሄ በወረቀት ላይ ያለ ስሌት ብቻ አይደለም። ሜላፋይንድ የሚባል መሣሪያ ነበር፣ የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2011 የፈቀደው። ትራያሉ ትልቅ ነበር፣ ከ127 ሜላኖማ 125ቱን ያዘ፣ በጣም የሚገርም ነው። ስፔሲፊሲቲው ግን ወደ 10 በመቶ ነበር፣ ማለትም ካንሰር ካልሆኑት አስር ውስጥ ዘጠኙን ይቆረጥ ነው የሚለው። እንግዲህ ሁሉንም ቁረጥ የሚል መሣሪያ ለሐኪሙ ምን አዲስ ነገር ነገረው? በ2017 ከገበያ ወጣ። ሳይንሱ ውሸት አልነበረም፣ ቁጥሩም ትክክል ነበር፣ ግን ትራያሉ ማሽኑ ይይዛል ወይ ብሎ ነው የጠየቀው፣ ሐኪሙ ማሽኑን ይዞ የተሻለ ይወስናል ወይ ብሎ አልነበረም።

በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ኤፍዲኤ ደርማሴንሰር የተባለውን ፈቀደ፣ ይሄ ፎቶ አያነሳም፣ ብርሃን ቆዳው ላይ ለቆ ሲመለስ እንዴት እንደተበተነ ነው የሚያነበው፣ እና የቆዳ ስፔሻሊስት ላልሆኑ ሐኪሞች የተሠራ ነው። በማዮ ክሊኒክ መሪነት በ22 ቦታዎች ከ1,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሴንሲቲቪቲው 96 በመቶ፣ ስፔሲፊሲቲው ግን 20.7 በመቶ ነው የወጣው። እዚህ ላይ የወደድኩት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ኤፍዲኤ ሲፈቅድ ሂዱና ገበያ ላይ ካዋላችሁት በኋላም ሜላኖማ ብዙም በማይታይባቸው፣ ጥናቱ ውስጥ በደንብ ባልተወከሉ ሰዎች ላይ ፈትናችሁ አምጡ ብሎ ግዴታ አስቀምጧል። ፈቃድ ማለት የፈተናው መጨረሻ አይደለም ማለት ነው፣ ይሄ ለሁሉም መሣሪያ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

እሺ፣ ታዲያ ጥሩ ትራያል ምን ይመስላል? በደቡብ ኮሪያ የተሠራ፣ በ2022 የወጣ አለ፣ 576 ኬስ። በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፣ አንዱ ጋ ሐኪሙ ኤአይ ይዞ፣ ሌላው ጋ ያለ ኤአይ፣ እውነተኛ በሽተኛ ፊት። ትክክል የመሆን መጠኑ ከ43.8 ወደ 53.9 በመቶ ከፍ አለ። ጥሩ ነው። ግን ዋናው ነገር ያለው ውስጡ ስትገቡ ነው፣ የቆዳ ትምህርት ላይ ያልሆኑት ጀማሪ ሐኪሞች ከ30.7 ወደ 54.7 ዘለሉ፣ የቆዳ ሬዚደንቶቹ፣ ማለትም የቆዳ ስፔሻሊስት ለመሆን እየሰለጠኑ ያሉት፣ ጋ ግን ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ መሣሪያው ማንን ይጠቅማል የሚለው መልስ አገኘ ማለት ነው፣ ስፔሻሊስት የሌለበት ቦታ ያለውን ሐኪም። ይሄንን ከሚሊዮን ፎቶ አታገኙትም።

በ2023 ላንሴት ዲጂታል ሄልዝ ላይ የወጣው የአውስትራሊያ እና የኦስትሪያ ትራያልም በጣም አስተማሪ ነው። ስልክ ላይ የተገጠመ ኤአይ በሽታውን በመለየት ከስፔሻሊስቶቹ እኩል ሆነ፣ ምን ይደረግ የሚለው ላይ ግን ስፔሻሊስቶቹ በለጡት። ምክንያቱም ሐኪሙ መቁረጥ ወይም መተው ብቻ አይደለም ያለው፣ ከሶስት ወር በኋላ ተመለስ እንየው የሚል ሶስተኛ መንገድ አለው። እዛው ትራያል ላይ ሌላ አልጎሪዝም፣ ማለትም ሌላ የኤአይ ፕሮግራም፣ ነበር፣ ቀደም ሲል በፎቶ ፈተና ምርጥ የተባለ፣ እሱ እውነተኛ ክሊኒክ ሲገባ ከስፔሻሊስቶቹ አነሰ። ፎቶ ላይ አንደኛ የወጣው እኮ ነው! ይሄን ሁሌም ለተማሪዎች እነግራቸዋለሁ።

እና ሐኪሙ እና ማሽኑ አብረው ሲሠሩ የሚመጣ ችግርም አለ። በ2020 ኔቸር ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት ሆን ብሎ የተሳሳተ ኤአይ ለሐኪሞች ሰጥቶ ነበር፣ በሁሉም የልምድ ደረጃ ያሉ ሐኪሞች ተሳሳቱ፣ ልምድ ያላቸውም ጭምር። ጥሩ ኤአይ የሚጠቅመው በብዛት ጀማሪውን ነው፣ መጥፎ ኤአይ ግን ማንንም አይምርም። ስለዚህ ትራያል ስናደርግ ማሽኑ ሲሳሳት ሐኪሙ ምን አደረገ የሚለው ለብቻው መለካት አለበት፣ ተከተለው ወይስ አልተቀበለውም? እኔ የማነባቸው ሪፖርቶች ላይ መጀመሪያ የምፈልገው ሰንጠረዥ እሱ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ዲዛይኑም ራሱ ከመድኃኒት ትራያል ይከብዳል። መድኃኒት ላይ ውሸተኛ ክኒን ሰጥተህ ሐኪሙንም በሽተኛውንም ሳያውቁ ማድረግ ትችላለህ፣ እዚህ ግን ሐኪሙ ኤአይ መያዙን ያውቃል፣ ልትደብቀው አትችልም። ደግሞ ጠዋት በኤአይ የሠራ ሐኪም ከሰዓት ያለ ኤአይ ሲሠራ ጠዋት የተማረው ይከተለዋል፣ ኮንትሮል ግሩፑ፣ ያለ ኤአይ የምናወዳድርበት ቡድን፣ ይበላሻል። ስለዚህ አንዳንዴ ሐኪሙን ሳይሆን ክሊኒኩን በሙሉ በዕጣ መመደብ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ብዙ ክሊኒክ፣ ብዙ ብር፣ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ሌላው፣ ምንም የለም የተባለው ነጥብ ባዮፕሲ አይደረግም፣ ታዲያ እውነት ምንም እንዳልነበረ በምን ታውቃለህ? ያለህ አማራጭ ሰውየውን ለወራት ተከታትለህ ማየት ነው። ይሄን ያላደረገ ጥናት ሴንሲቲቪቲዬ ይሄን ያህል ነው ሲል እኔ በበኩሌ አላምነውም፣ የለቀቃቸውን አልቆጠረማ።

አሁን ወደ ጥቁር ቆዳ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ2022 የወጣ አንድ ዳሰሳ በነጻ የሚገኙ 21 የቆዳ ፎቶ ዳታዎችን ሰብስቦ አየ፣ በድምሩ ከ100 ሺህ በላይ ፎቶ። የቆዳው ዓይነት የተመዘገበላቸው 2,436 ብቻ ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ ጠቆር ያለ ቡናማ ቆዳ፣ ፊትዝፓትሪክ በሚባለው የቆዳ ዓይነት መለኪያ 5ኛው ዓይነት የሚባለው፣ 10 ፎቶ። በጣም ጥቁሩ 6ኛው ዓይነት፣ አንድ ፎቶ። አንድ! ዓለም ላይ ያለውን ጥቁር ቆዳ ሕዝብ አስቡና ይሄን ቁጥር ደግማችሁ እዩት። መለኪያው ራሱም በ1975 ቆዳ በፀሐይ እንዴት እንደሚቃጠል ለማወቅ የወጣ ነው፣ የቀለም ልዩነትን በሙሉ ይገልጻል ተብሎ አልተሠራም። በዛው በ2022 የስታንፎርድ ቡድን 656 ፎቶ ያለው፣ ጥቁር ቆዳ በደንብ የተወከለበት፣ በባዮፕሲ የተረጋገጠ ስብስብ አዘጋጅቶ የታወቁ አልጎሪዝሞችን ሲፈትን ውጤታቸው ወረደ፣ በተለይ ጥቁር ቆዳ ላይ። ደስ የሚለው ግን በዛ ስብስብ እንደገና ሲያሰለጥኗቸው ክፍተቱ ተዘጋ። ስለዚህ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፣ ተፈጥሮ ያመጣው ችግር አይደለም፣ ፎቶ ያላነሳነው እኛ ነን።

ነገሩ ቀለም ብቻም አይደለም። ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው መዳፍ፣ የእግር ውስጥ እና ጥፍር ስር ነው። ቦብ ማርሌይ በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው የእግር ጣቱ ጥፍር ስር በጀመረ ሜላኖማ ነው። ጀርባ እና ክንድ ላይ ባሉ ነጥቦች የሰለጠነ ማሽን ጥፍር ስር ያለ ጥቁር መስመር ሲያይ ምን ይላል? ችፌ እና ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታም እንደዛው ናቸው፣ መጽሐፉ ቆዳው ቀይ ይሆናል ይላል፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ግራጫ፣ ወደ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው የሚሄደው፣ ቅላትን የሚቆጥር ማሽን ሰውየው እያሳከከው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ቀላል ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ሐኪሙን ብንረዳው ክፍተቱ ይጠባል ብለን እናስብ ይሆናል። በ2024 389 የቆዳ ሐኪሞች እና 459 ጠቅላላ ሐኪሞች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። ያለ ኤአይ ሁለቱም ጥቁር ቆዳ ላይ ትክክል በመሆን በ4 የመቶኛ ነጥብ ያህል ያንሱ ነበር። ኤአዩ ሲጨመር ሁሉም ተሻሻሉ፣ ግን ጠቅላላ ሐኪሞቹ ጋ በነጣ ቆዳ እና በጥቁር ቆዳ መካከል ያለው ልዩነት ሰፋ። ይሄ ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው፣ አማካዩን ብቻ ብታዩ ኖሮ ሁሉም ተሻሻለ ብላችሁ ታልፉት ነበር። ለዛ ነው ትራያል ውጤቱን በየቆዳው ዓይነት ለይቶ ካላወጣ አልጨረሰም የምለው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ምን እንለካ የሚለው። ብዙ ካንሰር ማግኘት ሁሌ ጥሩ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ በ40 ዓመት ሜላኖማ ነው የሚባለው ሰው ስድስት እጥፍ ጨምሯል፣ በሜላኖማ የሚሞተው ሰው ግን በዛ ልክ አልጨመረም፣ ብዙዎች ይሄን ሲያዩ ዕድሜ ልካቸውን የማይጎዳቸውን ነገር እያገኘን እየቆረጥን ነው ይላሉ። አሁን በዚህ ላይ በየኪሱ ያለ ኤአይ ጨምሩበት። ስለዚህ ትራያሉ መቁጠር ያለበት ስንት ሜላኖማ ተገኘ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱ ስንት ሚሊሜትር እያለ ተገኘ፣ ስንት ሰው በከንቱ ተቆረጠ፣ ስፔሻሊስት ለማየት ወረፋው አጠረ ወይስ ረዘመ የሚለውን ነው። የወረፋው ነገር በጣም የተረሳ ነው፣ መሣሪያው ጤነኛውን ሁሉ ወደ ስፔሻሊስት ከላከ እውነተኛው በሽተኛ ከኋላ ይቆማል።

ሕጉ ተጽፏል። ኮንሶርት ኤአይ የሚባል፣ የኤአይ ትራያል ውጤት እንዴት እንደሚጻፍ የሚናገር መመሪያ በ2020 ወጥቷል፣ 14 አዳዲስ ነጥቦች አሉት፣ የትኛው የአልጎሪዝም ቨርዥን እንደተፈተነ ጻፉ፣ መጥፎ ፎቶ ሲገባ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉ፣ ሰውየው እና ማሽኑ እንዴት እንደተገናኙ ጻፉ፣ ስህተቶቹን ተንትኑ ይላል። ቨርዥን የሚለውን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት፣ ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ትራያል ላይ የተፈተነው ላይሆን ይችላል፣ ማታ አፕዴት ሆኖ አድሯል።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄ ልቀበል።

(አንዲት ታዳሚ፦ እኔ ትራያል ውስጥ ግቢ ብባል ምን ልጠይቅ? አለች።)

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። መጀመሪያ፣ ማሽኑ ምንም የለም ካለ ሐኪም ያየኛል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱ አያይሽም ከሆነ በደንብ አስቢበት። ሁለተኛ፣ ፎቶዬ የት ይሄዳል፣ በኋላ ሌላ ማሽን ለማሰልጠን ትጠቀሙበታላችሁ ወይ፣ ይሸጣል ወይ፣ ሀሳቤን ብቀይር ታጠፉታላችሁ ወይ። ፊት እና ንቅሳት ያለበት ፎቶ ስም ባይኖረውም ሰውን ያሳውቃል። ሶስተኛ፣ እንደኔ አይነት ቆዳ ያላቸው ስንት ሰው አስገብታችኋል። ይሄን ስትጠይቂ የሚያፍር ተመራማሪ ካለ ይፈር፣ አንቺ ግን አትፈሪ፣ ፊርማሽን የጠየቁሽ እነሱ ናቸው።

(አንድ ወጣት፦ ስልኬ ላይ ያለ አፕ ሰላም ነው ካለኝ ልመነው? አለ።)

አይ ወንድሜ፣ እንደዛ አታድርግ። በ2013 አራት አፖች በሜላኖማ ፎቶ ተፈትነው ሶስቱ 30 በመቶ እና ከዛ በላይ የሚሆነውን ሜላኖማ አያሰጋም ብለው አልፈውታል፣ በ2015 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ሜላኖማ እንለያለን ብለው በሚያስተዋውቁ ሁለት አፖች ሻጮች ላይ ማስረጃ የላችሁም ብሎ እርምጃ ወስዷል። ከዛ ወዲህ ቴክኖሎጂው በጣም ተሻሽሏል፣ አፕ ስቶር ላይ ያለው ሁሉ ግን ተፈትኖ አይደለም የሚወጣው። ነጥቡ አንዱ ጎኑ ከሌላው ካልተመሳሰለ፣ ጠርዙ ከተሸራረፈ፣ ቀለሙ ከተደባለቀ፣ ከ6 ሚሊሜትር ከበለጠ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እየተለወጠ ከሆነ አፑ ያለውን ተወውና ሐኪም ጋ ሂድ። መዳፍህ፣ እግርህ ስር ወይም ጥፍርህ ስር ከሆነ ደግሞ መጠኑን አትጠብቅ። ስልክህን ግን ተጠቀምበት፣ በወር አንዴ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ከአንድ ዓይነት ርቀት አንሳውና ከነቀኑ አስቀምጠው፣ ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ነው የተለወጠው ሲልህ የምታሳየው ነገር ይኖርሃል።